የሐማሙ ሽታ ከየት ይመጣል? ሳንባሽን ሳትጎጂ የሽንት ቤት ቱቦ ማጽዳት



በጂዛን፣ በሳብያ፣ በአቡ አሪሽ፣ በሳምታ ወይም ከየመን ድንበር አጠገብ ባሉት ትንንሽ ከተሞች በሰው ቤት የምትሠሪ ከሆነ ይህ ነገር አዲስ አይሆንብሽም። ሐማሙን ጠዋት አጥበሽ ትወጫለሽ፤ ከሰዓት በኋላ ይሸታል። ከመጅሊሱ አጠገብ ያለው የእንግዶች ሐማም ደግሞ ይብሳል። ማዳም በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ይዛ «አላጸዳሽውም» ትልሻለች። አንቺም ክሎሮክሱን አንስተሽ ትደግሚዋለሽ። ለአንድ ሰዓት ያህል የክሎሮክሱ ሽታ የሽንቱን ሽታ ይሸፍነዋል። በማግስቱ ያው ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁልሽ ሁለት ነገር እንድታውቂ ነው። አንደኛ፣ ሽታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዓይንሽ ከማያየው ቦታ፣ በቱቦው ውስጥ ከተጋገረ የሽንት ድንጋይ ነው፤ ወለሉን መቶ ጊዜ ብትፈትጊው ድንጋዩ አይነካም። ሁለተኛ፣ ይህን ድንጋይ ቀስ ብለው የሚያለሰልሱና ተመልሶ እንዳይጋገር የሚያደርጉ፣ በውስጣቸው ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የያዙ ማጽጃዎች አሉ፤ አጠቃቀማቸውን ካወቅሽ ጋዝ መተንፈስ አያስፈልግሽም።

እኔም ዓመታት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሁን በምክር አገልግሎት ላይ ስቀመጥ እህቶች ይዘውልኝ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የተያዘ ፓስፖርት፣ የልጅ ናፍቆት ነው። ሳሉን የሚያነሱት በመጨረሻ ነው፤ «ይሄማ የጽዳት ነው፣ ይተወኛል» ብለው። ዓመት ሙሉ ያልተወው ሳል አለ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ሽንት እንዴት ድንጋይ ይሆናል?

ትኩስ ሽንት ያን ያህል አይሸትም። ከመቶው 95 እጅ የሚሆነው ውሃ ነው። በቀረው ውስጥ ልዩ ልዩ ጨው፣ ዩሪያ የሚባል ነገርና ዩሪክ አሲድ የሚባል ሌላ ነገር አለ። ክፉው ሽታ የሚጀምረው ሽንቱ በቱቦው ውስጥ ሲቆይ ነው። በቱቦው ግድግዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ ማለትም በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን፣ ዩሪያውን ሰብረው አሞኒያ ያደርጉታል። ዓይን የሚቆጠቁጠው፣ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ሽታ አሞኒያ ነው። አገር ቤት በረት ጠርገሽ የምታውቂ ከሆነ ሽታውን ታውቂዋለሽ።

አሞኒያው ሲበዛ በሽንቱና በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየምና ማግኒዚየም ከፎስፌት ጋር ተያይዞ ይጠጥርና በቱቦው ላይ ይለጠፋል። ውሃ በሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲጋገር አይተሽ ይሆናል፤ ይህም የእሱ ዘመድ ነው። ዩሪክ አሲዱም አብሮ ይጋገራል። ዩሪክ አሲድ በውሃ በቀላሉ አይሟሟም፤ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የግራም አንድ አሥረኛውን እንኳ አያሟሟም። አንድ ጎልማሳ ሰው ግን በቀን ግማሽ ግራም ወይም ከዚያ በላይ በሽንቱ ያወጣል። ሪህ ከምንላቸው በሽታዎች አንዱ፣ የእግር አውራ ጣትን የሚያሳብጠው፣ የሚመጣው ይኸው ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠጥር ነው። በሰው ጣት ላይ የሚያደርገውን በቱቦም ላይ ያደርገዋል።

በድንጋዩ ላይ ደግሞ የሚያዳልጥ ልጋግ ይለብሳል፤ በልጋጉ ላይ ሌላ ድንጋይ ይጨመራል። እንዲህ እየተደራረበ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ይሆናል። ቅርፊቱ ሸካራ ስለሆነ ፀጉርና ሶፍት ይይዛል፤ ቱቦው ይጠብባል፤ ውሃው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቅርፊቱ በየቀኑ አዲስ ሽንት ስለሚጠጣ ወለሉ ንጹሕ ሆኖም ይሸታል።

የጂዛን አየር ይህን ያባብሰዋል። በበጋ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ የቀይ ባሕር እርጥበትም አብሮ አለ። ሙቀት አሞኒያ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ያፈጥናቸዋል። ውሃው የጉድጓድ ከሆነ ደግሞ ካልሲየሙ ይበዛል፤ ድንጋዩም ቶሎ ይጋገራል። ውሃ በዋይት መኪና እየተገዛ በሚመጣባቸው ቤቶች ሰው ውሃ ይቆጥባል፤ ሽንቱም ሳይጠብ በቱቦው ውስጥ ይቀራል።

ማጽጃ ከመፈለግሽ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ

ሽታ ሁሉ ከሽንት ድንጋይ አይመጣም። በእያንዳንዱ የመታጠቢያ ገንዳ፣ ሽንት ቤትና የወለል ማፍሰሻ ሥር ውሃ የሚቋጥር ጎበጥ ያለ ቦታ አለ። እዚያ የተቋጠረው ውሃ የበያራው ጋዝ ወደ ቤት እንዳይወጣ እንደ ክዳን ሆኖ ያገለግላል። ለሳምንታት ማንም ባልተጠቀመበት ሐማም ውስጥ ይህ ውሃ በሙቀቱ ተንኖ ያልቃል፤ ክዳኑ ተከፈተ ማለት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ በወለሉ ማፍሰሻና በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ አንድ ባልዲ ውሃ አፍሺ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽታው ከጠፋ ችግሩ ደረቅ ቱቦ ነበር፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። ምንም ወጪ የለውም።

ሽታው የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስል ከሆነ፣ በቤቱ ያሉት ቀዳዳዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀስ ብለው የሚወርዱ ከሆነና ቱቦው የሚያንቋርር ከሆነ በያራው ሞልቶ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚመጠው በመኪና ነው፤ ለማዳም ወይም ለባባ ንገሪያቸው። ሽታው ዓይን የሚቆጠቁጥ ከሆነ፣ በሽንት ቤቱ ከንፈር ሥር ወይም በማፍሰሻው ክዳን ሥር ቢጫ ቅርፊት ካየሽ ግን የሽንት ድንጋይ ነው።

ክሎሮክስ ለምን አያሸንፈውም?

አገር ቤት በረኪና የምንለው፣ እዚህ ሁሉም ክሎሮክስ የሚለው፣ ሁለት ነገር በደንብ ይሠራል፤ በተጠበ ገጽ ላይ ያለ ጀርም ይገድላል፣ እድፍ ያነጣል። ድንጋይ ግን አያሟሟም። ቡናማውን ድንጋይ ነጭ ድንጋይ ታደርጊዋለሽ እንጂ ከቦታው አታነሺውም።

በተጨማሪም ክሎሮክስ በአሞኒያ ላይ ሲፈስ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ብዙ ሽንት በተጠራቀመበት ጠባብ ሐማም ውስጥ ክሎሮክስ ስታፈሺ ዓይንሽ የሚያለቅሰው፣ ጉሮሮሽ የሚከረክረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ሽንት ባለበት ላይ በቀጥታ አታፍሺ፤ መጀመሪያ በብዙ ውሃ እጠቢው። በበያራ የሚጠቀም ቤት ከሆነ ደግሞ በየቀኑ የሚፈሰው ክሎሮክስ በጉድጓዱ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል።

ክሎሮክስና አሲድ፦ ሊለያዩ የሚገባቸው ሁለቱ ጠርሙሶች

ድንጋዩን በርግጥ የሚያሟሟው አሲድ ነው። በሱቁ ፍላሽ እየተባለ የሚሸጠው ጠንካራ አሲድ ነው፤ የሽንት ቤት ማጽጃ ተብለው ከሚሸጡት ጠርሙሶችም ብዙዎቹ አሲድ አለባቸው። አሲድ ግን እጅና ዓይን ያቃጥላል፣ እብነ በረዱን ይበላል፣ በንጣፉ መካከል ያለውን ስሚንቶ ያፈራርሳል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ክሎሮክስና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ክሎሪንን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1774 እ.ኤ.አ. በሥራ ቦታው ያወጣው ካርል ቪልሄልም ሼለ የተባለ የስዊድን መድኃኒት ቀማሚ ነው። ዘዴው አሲድን ከሌላ ነገር ጋር ማገናኘት ነበር። ይኸው ሰው በ1776 ዩሪክ አሲድን ከፊኛ ጠጠር ውስጥ አገኘ። እንግዲህ አንቺ ሐማም ውስጥ የምትታገያቸውን ሁለቱንም ነገሮች ለዓለም ያስተዋወቀው አንድ ሰው ነው። ሼለ የሚሠራባቸውን ነገሮች የማሽተትና የመቅመስ ልማድ ነበረው፤ በ43 ዓመቱ ሞተ፤ ብዙዎች የሞቱን ምክንያት ከዚያው ከኬሚካሉ ጋር ያያይዙታል። ከዚያ በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1915፣ የጀርመን ጦር በቤልጂየም በኢፕር ከተማ አጠገብ ክሎሪንን በጠላቶቹ ላይ በነፋስ ለቀቀው። ወታደሮች በጉድጓዳቸው ውስጥ ታፍነው ሞቱ። በሐማም ውስጥ ክሎሮክስና ፍላሽ ስትደባልቂ የሚወጣው ጋዝ ዓይነቱ ያው ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው።

ወታደሮቹ በጉድጓድ ውስጥ የተጎዱበት ምክንያት ለአንቺም ይጠቅማል። ክሎሪን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ታች ይወርድና ወለሉ ላይ ይተኛል። አንቺ የዓረብ ሐማም ለመፈተግ ቁጢጥ ስትዪ ፊትሽ ያለው እዚያው ጋዙ የተኛበት ቦታ ነው። መስኮት በሌለው ሐማም ውስጥ ደግሞ የሚወጣበት የለውም።

አንዳንዷ እህት ሁለቱን በአንድ ባልዲ አልቀላቅልም፣ ስለዚህ ምንም አልሆንም ትላለች። ጋዙ ግን ባልዲ አይፈልግም። ጠዋት ፍላሽ የፈሰሰበት ቱቦ ሳይጠብ ከሰዓት ክሎሮክስ ከገባበት እዚያው ውስጥ ይገናኛሉ። ኮምጣጤና ሎሚም አሲድ ናቸው፤ እነሱንም ከክሎሮክስ ጋር አታገናኚያቸው።

የእርሾው መንገድ

አሁን ወደ ባክቴሪያው ማጽጃ እንምጣ። «ባክቴሪያ በሽታ ነው፤ እንዴት ያጸዳል?» ትዪ ይሆናል። አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ከእነዚህ ፍጥረቶች ጋር ስትሠሪ ኖረሻል። የእንጀራ ሊጥ የሚቦካው በእርሾው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ሕያዋን ነው፤ ወተት እርጎ የሚሆነውም በባክቴሪያ ነው። ከባክቴሪያ በሽታ የሚያመጣ አለ፤ ሥራ የሚሠራም አለ።

በእነዚህ ማጽጃዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ባሲለስ ከሚባለው ወገን የተመረጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። በጠርሙሱ ወይም በዱቄቱ ውስጥ እንደ ዘር ተኝተው ይቆያሉ። እርጥበትና ምግብ ሲያገኙ ይነቃሉ፤ ይባዛሉ፤ ኢንዛይም የሚባል ነገር ያመነጫሉ። ኢንዛይም ትልቁን ነገር ወደ ትንንሽ የሚቆራርጥ ነው። የሰው አካል ዩሪክ አሲድን የሚቆርጥ ኢንዛይም የለውም፤ ስለዚህ ሳንሰብረው እናወጣዋለን። ይህን ኢንዛይም የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ግን አሉ፤ ዩሪክ አሲዱን በውሃ በተሻለ ወደሚሟሟ ነገር ይለውጡታል። ለሽንት ሽታ የሚሸጡት ማጽጃዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ልጋጉንም ይበሉታል። ድንጋዩን አጣብቆ የያዘው ልጋግ ሲበላ ቅርፊቱ ይላላል፤ በውሃም እየተሸረፈ ይሄዳል። ከዚያም የገቡት ባክቴሪያዎች አሞኒያ የሚሠሩትን የድሮዎቹን ቦታና ምግብ ይሻሟቸዋል።

ለአጠቃቀሙ ሁሉ እርሾን አስቢ። እርሾ ላይ የፈላ ውሃ አታፈሺም፤ እነዚህም በፈላ ውሃ ይሞታሉ። ሊጥ ውስጥ በረኪና ጠብ ብትዪ አይቦካም፤ እነዚህም በክሎሮክስ ይሞታሉ። ሊጥ በአንድ ሰዓት አይቦካም፤ እነዚህም ጊዜ ይፈልጋሉ። ሙቀት ግን ይወዳሉ፤ የጂዛን አየር ለአንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኛ ያደላ ማለት ነው።

ሲገዛ ምን ይታያል?

የሚገዛው የቤቱ ሰው ነው፤ ከደመወዝሽ አውጥተሽ የቤቱን ማጽጃ አትግዢ። በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች፣ የቧንቧ ዕቃ በሚሸጥበት መደብርና ለድመት ሽንት የሚሆነው ደግሞ የቤት እንስሳት ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ይፈለግ። ጠርሙሱ ላይ «ባክቲሪያ» ወይም «ኢንዚማት» የሚል ይኑርበት። ለቱቦ መሆኑን «መጃሪ» የሚለው ቃል ይነግርሻል፤ «ራኢሐት አል በውል» ማለት የሽንት ሽታ ነው። ዓረብኛ ማንበብ ካልቻልሽ የቤቱን ልጅ አስነብቢ ወይም በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ የምታነብ እህት ጠይቂ። የሚያበቃበትን ቀን እይ፤ ሕይወት ያለው ነገር ነውና ጊዜው ካለፈ ደካማ ይሆናል። ፀሐይ በሚመታው ጣሪያ ላይ ወይም በመኪና ውስጥ አይቀመጥ።

አጠቃቀሙ በቅደም ተከተል

1. ከመጀመርሽ በፊት ለአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በዚያ ሐማም ክሎሮክስም፣ ፍላሽም፣ ዴቶልም አይፍሰስ። ከዚያ ቀደም የፈሰሰው ታጥቦ እንዲሄድ ብዙ ውሃ አፍሺበት።

2. የወለሉን ማፍሰሻ ክዳን አንሺ። ፀጉሩንና ቆሻሻውን በጓንት አውጪ። የሚታየውን ቅርፊት በአሮጌ ብሩሽና በሳሙና ፈትጊው። የቻልሽውን ያህል ካነሳሽ የቀረው ለባክቴሪያው ይቀላል።

3. ሥራውን ለሌሊት አድርጊው። ሁሉም ከተኛ በኋላ ውሃ ስለማይፈስበት ባክቴሪያው ሳይታጠብ ይቆያል። ሌላም ምክንያት አለ፤ በበጋ ቀን ከጣሪያው ታንከር የሚወርደው ውሃ እጅ የሚያቃጥል ይሆናል፤ ሌሊት ይበርዳል። ውሃው ለብ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እጅሽ የማይችለው ከሆነ ግን ለባክቴሪያውም ይበዛበታል።

4. መጠኑን ጠርሙሱ እንደሚለው አድርጊ። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ይበዛል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ያነሰ ነው። በቱቦው ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ቀስ ብለሽ አፍሺው፤ ግድግዳውን እያረሰ ይውረድ። በሽንት ቤቱ ከንፈር ሥርም አድርጊ።

5. እስከ ጠዋት ተዪው። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፊ ወይም ለማዳም ንገሪያት፤ ሌሊት ሌላውን ሐማም ይጠቀሙ።

6. ጠዋት አንድ ባልዲ ውሃ አፍሺ። ጠርሙሱ በሚለው መሠረት ለተወሰኑ ሌሊቶች ድገሚው። በአንድ ሌሊት ተአምር አትጠብቂ፤ ዓመታት የተጋገረው በቀናትና በሳምንታት ነው የሚላላው።

7. በእነዚህ ቀናት ወለሉንና ሽንት ቤቱን በሳሙናና በውሃ እጠቢ። ክሎሮክስ የግድ ከተባለ በውሃ አቅጥነሽ በጨርቅ የሚነካ ቦታ ላይ ብቻ፣ ማለትም በበር እጀታና በመቀመጫው ላይ ጥረጊው፤ በቱቦው አታውርጂው።

8. ሽታው ከጠፋ በኋላ በሳምንት ወይም ጠርሙሱ በሚለው ጊዜ ጥቂት ጨምሪ። እርሾ ሁልጊዜ ከቀደመው ይተርፋል አይደል? ቱቦውም እንዲሁ ይጠበቃል።

ባክቴሪያው ገር ነው ማለት ግን ውሃ ነው ማለት አይደለም። ጓንት አድርጊ። ዱቄት ከሆነ እንዳይቦንን ወደ ፊትሽ አታራግፊው፤ የኢንዛይም ብናኝ አስም ያለባትን ያስነሳባታል። እጅሽ ላይ ቁስል ካለ ሸፍኚው። ከልጆች አርቀሽ አስቀምጪ።

ባክቴሪያው የማይችለው

እውነቱን እንነጋገር። ድንጋዩ ወፍራምና ያረጀ ከሆነ፣ ቱቦውም ሊዘጋ ከደረሰ ባክቴሪያ ብቻውን አይከፍተውም። ያኔ የሚያስፈልገው ሰባክ ነው፤ በመሣሪያ ይፈቀፍቀዋል። ይህ የአንቺ ሥራ አይደለም። ማንም ጠንካራ አሲድ ሰጥቶሽ «ክፈችው» ቢልሽ ሰባክ እንዲጠሩ በትሕትና ጠይቂ። ሰባኩ ከጨረሰ በኋላ ባክቴሪያው እንደገና እንዳይጋገር ይጠብቅልሻል።

የባክቴሪያው ማጽጃ ካልተገኘ በጂዛን በየሱቁ የሚሸጠው የሎሚ ጨው፣ ማለትም ሲትሪክ አሲድ፣ ይረዳል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አሟሚና በሌሊት በቅርፊቱ ላይ አፍሺው፤ ጠዋት ፈትገሽ በብዙ ውሃ እጠቢው። ስስ ቅርፊት ያለሰልሳል። ነገር ግን ይህም አሲድ ነው፤ ክሎሮክስ በነበረበት ላይ አይፈስም፤ እብነ በረድ ላይም አይፍሰስ።

ማዳምን እንዴት ታስረጃታለሽ?

ለቤቱ ሰዎች የሽንት ጠብታ ነገር የጸሎታቸው ጉዳይም ነው፤ ልብሳቸውና ቦታቸው ንጹሕ መሆን አለበት። ማዳም ስለ ሽታው ስትጨነቅ አንዱ ምክንያቷ ይህ ሊሆን ይችላል። ክሎሮክስ ካልሸተታት ያልጸዳ የሚመስላትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ወለሉ በውሃና በሳሙና በደንብ እንደሚታጠብ፣ ማጽጃው ደግሞ ለቱቦው ውስጥ መሆኑን ለይተሽ ንገሪያት።

በተቆጣችበት ሰዓት አትጀምሪ። ሻይ በምትጠጣበት፣ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት የማፍሰሻውን ክዳን አንስተሽ በስልክሽ መብራት ቅርፊቱን አሳያት። ዓይኗ ካየ ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ከዚያ «ማዳም፣ ኑጀርብ አስቡዕ» በያት፤ «አንድ ሳምንት እንሞክረው» ማለት ነው። በአንድ ሐማም ብቻ ጀምሪ። እብነ በረዱ እንደማይበላሽ ንገሪያት፤ ለቤቱ ባለቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለቱን ደባልቂ ብትልሽ «ክሎሮክስ መዓ ፍላሽ ኸጠር» በያት፤ «ክሎሮክስ ከፍላሽ ጋር አደጋ ነው» ማለት ነው። በጠርሙሶቹ ጀርባ ላይም ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳይቀላቀል ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ አሳያት። እምቢ ካለች አንዱን ብቻ ተጠቀሚ፣ በሩንና መስኮቱን ከፍተሽ፣ የአየር ማውጫውን አብርተሽ፤ ሌላውን በሌላ ቀን፣ ቱቦው በብዙ ውሃ ከታጠበ በኋላ።

ጋዝ ከተነፈስሽ

ዓይንሽ ከተቃጠለ፣ ጉሮሮሽ ከታነቀ፣ ደረትሽ ከጠበበ ወዲያውኑ ውጪ። ባልዲውን ላንሳ፣ ውሃ ላፍስስበት ብለሽ አትመለሺ። በሩን ክፍት ተዪው፤ ልጆቹን አርቂ። አየር ወዳለበት ሂጂ። ጋዙ ወደ ታች ስለሚተኛ አትንበርከኪ፣ ወለል ላይ አትተኚ። የረጠበውን ልብስ አውልቂ፤ ዓይንሽን በንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቢ።

ብዙዎቻችን «ወተት ጠጪ» እንባባላለን። ወተት የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፤ ጋዙ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ወተቱን እየጠበቅሽ ጊዜ አታባክኚ።

ትንፋሽሽ ካጠረ፣ ደረትሽ ካፏጨ፣ ከንፈርሽ ከጠቆረ ወይም አስም ካለብሽ የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997 ነው። ምክር ለመጠየቅ የጤና ሚኒስቴር ቁጥር 937 ነው። ክሎሪን ተንኮለኛ ነው፤ የተሻለሽ መስሎሽ ከሰዓታት በኋላ ሳንባሽ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱ ከበድ ያለ ከነበረ ያን ሌሊት ብቻሽን አትተኚ፤ አንድ ሰው አጠገብሽ ይሁን። ወረቀት የለኝም ብለሽ በዝምታ ክፍልሽ ውስጥ አትታፈኚ። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሺ ምን ከምን ጋር እንደተገናኘ ንገሪው፤ ከተቻለ የጠርሙሶቹን ፎቶ አሳይው።

ለእህትሽም አስተላልፊ

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሌላው ቢረሳሽ ሦስቱን ያዢ። ሽታ ሲኖር መጀመሪያ ውሃ አፍሰሽ እይ። ክሎሮክስና አሲድ በአንድ ቱቦ ውስጥ አይገናኙ። የባክቴሪያውን ማጽጃ እንደ እርሾ ያዢው፤ ሌሊትና ለብ ያለ ውሃ ስጪው፣ ከበረኪና ጠብቂው።

ማንበብ የማትችል እህት በጎረቤት ቤት ካለች አንብቢላት፤ ሩቅ ከሆነች በኢሞ ወይም በዋትሳፕ በድምፅሽ ላኪላት። አገር ቤት ያሉት ልጆችሽና ወላጆችሽ የሚጠብቁት የምትልኪውን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን በደህና ትንፋሽ በራቸውን ስታንኳኪ ማየትም ይጠብቃሉ።